ለማርሽ ልስላሴ የትኛው ዘይት?

«ማርሹ ከበደኝ» ብሎ ጋራዥ የገባ ሞተረኛ የሚሰጠው ምክር አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ወፈር ያለ ዘይት ሙላበት» ይባላል። እሱ ካልሠራ «እንግዲያው ውዱን ግዛ» ይከተላል። ሁለቱንም ምክር ለዓመታት ስሰማ ኖሬአለሁ። የመጀመሪያውን በከፊል እቀበለዋለሁ። ሁለተኛውን ግን፣ ቢያንስ እኛ ለምንነዳቸው ትንንሽ ሞተሮች፣ አልቀበለውም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ደግሞ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት እየደጋገመ ያወርደኛል። የምነዳው 125 ሲሲ ሞተር ነው፤ አንዳንድ ቀን ሰው፣ አንዳንድ ቀን ኬሻ ይጫንበታል። ስለዚህ የምጽፈው ለውድድር ስለተሠራ ሞተር አይደለም። ብርድ፣ አቧራና ዳገት ስለሚፈራረቁበት፣ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ስለሚይዝ የሥራ ሞተር ነው።

ሞተሬን የሚያዩልኝ መካኒክ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ወፍራሙን የሚመርጡት ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ብረትና ብረት ሲፋጩ መሃል ገብቶ የሚታገሠው ወፍራሙ ነው፤ ቀጭኑ ጥሎ ይሸሻል» አሉኝ። ንግግራቸው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ሥራ በጀመሩበት ዘመን እጃቸው የሚገባው ዘይት አብዛኛው እቃው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ነበር፤ ሞተሩ ሲግል በጣም ይሳሳል። በዚያ ዘይት የሠለጠነ ሰው ውፍረትን ቢያምን አይፈረድበትም። እኔና እሳቸው የምንለያየው ማርሹ የሚከብደው *መቼ* እንደሆነ ስንጠያየቅ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ? ሞተሩ ከጋለ በኋላ? ዘይቱ አዲስ ሳለ? ወይስ ከሰነበተ በኋላ? መልሱ በእያንዳንዱ ይለያያል፤ «ወፈር ያለ» የሚለው ምክር ደግሞ ለአንዱ ብቻ ነው የሚሆነው።

በሞተርሳይክል ውስጥ ዘይቱ የሚሸከመው ሥራ መኪና ውስጥ ካለው ይበዛል። መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ለብቻ፣ የካምቢዮው ዘይት ለብቻ ነው፤ የተለመደው የመኪና ፍሪሲዮን ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ዘይት አይነካውም። በአብዛኛው ሞተርሳይክል ላይ ግን ያው አንድ ሊትር ፒስተኑንና ክራንኩን አለስልሶ ሲያበቃ ፍሪሲዮኑን ይነክራል፤ ከዚያ ዞሮ የካምቢዮውን ጥርሶች ይቀባል። ከዚህ ወጣ ያሉ አሉ። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ ሞተሮች ለሞተሩ፣ ለፍሪሲዮኑ ክፍልና ለካምቢዮው የተለያየ ቦታ አላቸው። የድሮዎቹ የቢኤምደብሊው ቦክሰሮችም ፍሪሲዮናቸው ደረቅ፣ የካምቢዮ ዘይታቸው የተለየ ነበር። (እኛ አገር ከሚርመሰመሰው የባጃጅ ቦክሰር ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት።) እኛ የምንነዳቸው ግን፣ የህንድም ይሁኑ የጃፓን ወይም የቻይና፣ ባለ አራት ምት ከሆኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንዱን ዘይት ለሦስት ሥራ የሚጠቀሙ ናቸው።

እግራችን ማርሹን ሲረግጥ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ዘይት ሲመርጥ አይቸገርም። ብዙ ሰው ማርሽ ሲገባ ጥርስ ከጥርስ አዲስ የሚገናኝ ይመስለዋል። ጥርሶቹስ ሁልጊዜም እንደተጋጠሙ ነው የሚዞሩት። እግራችን የሚያዞረው ጎድጓዳ መስመር የተቀረጸበት ትንሽ ከበሮ ነው። ከበሮው ሲዞር በመስመሩ ውስጥ የገቡትን ሹካዎች ወደ ጎን ይገፋል፤ ሹካዎቹ ደግሞ አንዱን ማርሽ በዘንጉ ላይ አንሸራትተው ወደ ጎረቤቱ ያስጠጉታል። ከዚያ ከማርሹ ጎን የወጡ ወፋፍራም የብረት ጉጦች በጎረቤቱ ክፍተት ውስጥ ይገባሉ። ማርሽ ገባ የምንለው ይሄንን ነው። ማርሹ የሚንሸራተትበት ዘንግ በዘይት ካልራሰ እግር ላይ ክብደት ይሰማል። ሁለቱ ማርሾች በጣም በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ከሆነ ደግሞ ጉጦቹ ክፍተቱን ስተው ይላተማሉ፤ «ቋ!» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የፍጥነቱ መለያየት ወደ ፍሪሲዮኑ ይወስደናል። ፍሪሲዮን ስንጨብጥ ሸራ ያላቸው ክቦችና ባዶ ብረቶቹ ተላቀው ሞተሩ ለብቻው መዞር አለበት። በመሃላቸው ያለው ዘይት ወፍራምና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን አይላቀቁም፤ ታጥበው ሳይደርቁ እንደተደራረቡ ሰሃኖች ይጣበቃሉ። እጃችን ጨብጦ ሳለ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘንግ እየጎተተ ያዞረዋል። ጎማው ቆሟል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ እኛ አንደኛ ማርሽ እንከታለን፤ ሞተሩ ዘለል ብሎ ይንገጫገጫል። መብራት ላይ ቆሞ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አልገኝ ማለትም ብዙ ጊዜ የዚሁ መጎተት ውጤት ነው። እንግዲህ ለዚህ ችግር «ወፈር ያለ ሙላበት» የተባለ ሰው፣ በሽታውን የሚያብስ መድኃኒት ታዘዘለት ማለት ነው።

የኔ መንገድ ይህን ለማየት የተመቸ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት የሞተሩ ወንበር ላይ ጤዛው ረግቶ ይገኛል። ከዚያ ወጥቶ ጣርማ በር ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ጣሊያኖች የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት፤ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጃኬት ይወልቃል። ሁሉም የሚሆነው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው። ስመለስ ደግሞ ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው ያለው ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ጭኖ፣ ሞተሩ እየጮኸ የሚወጣ ነው። ጠዋት ዘይቱ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀጥኖ ያስጨንቃል። አንድ ዘይት ሁለቱንም እንዲችል ነው የምጠይቀው።

ዘይቱ እቃ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። 10ደብሊው-40 የሚለውን እንውሰድ። «ደብሊው» የክረምት ምልክት ናት፤ የፈረንጅ ክረምት፣ በረዶው ማለቴ ነው። ከፊቷ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ አይረጋም። ባለ 10ው ሞተር ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው፣ ባለ 20ው ከዜሮ በታች 15 ላይ። ደብረ ብርሃን እንደዚያ አትበርድም፤ ግን ቁጥሩ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወዴት እንደሚያመራ ይጠቁማል። ሁለተኛው ቁጥር 100 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት ይለካል። በሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ሞተሩ ሲግል በተለመደ 10ደብሊው-40 እና በ20ደብሊው-50 መካከል ያለው ልዩነት የአራት ሴንቲስቶክ ያህል ነው። 40 ዲግሪ ላይ ግን አንዱ ወደ 100 ሲጠጋ ሌላው ከ150 ያልፋል። ወደ አምስት ዲግሪ ሲወርድማ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። የጠዋቱ ማርሽ የሚከብደው ያኔ ነው።

የኔ ሞተር መመሪያ መጽሐፍ ላይ የአየሩን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሠንጠረዥ አለ፤ ከ10ደብሊው-30 እስከ 20ደብሊው-50 ድረስ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ አያየውም። መጽሐፉን ራሱ ስንቱ ነው ያለው? እኔ ለዚህ ከተማ 10ደብሊው-40ን መርጫለሁ። ጠዋት አንደኛ ማርሽ ያለ ጩኸት ይገባል፣ ዳገቱም ላይ አላሳፈረኝም። ሸዋ ሮቢት የሚኖር ጓደኛዬ ግን 20ደብሊው-50 ይሞላል፤ አልከራከረውም። እሱ ዘንድ ጠዋትም ሙቀት ነው፣ ሞተሩ ደግሞ አርጅቷል፣ ዘይት መጠጣት ጀምሯል። ዱብቲ ወይም ጎዴ ያለ ሰው ከኔ ተውሶ 10ደብሊው-40 ቢሞላ ምክሬን አልሰማም ማለት ነው።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ በዚህ አይስማሙም። ባጃጅ ለብዙ ሞዴሎቹ 20ደብሊው-50 ሲያዝ ኖሯል፤ ሆንዳ ደግሞ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮቹ 10ደብሊው-30 ይላል። ሁለቱም በአንድ የህንድ ፀሐይ ሥር የሚሸጡ ናቸው። ሞተሩ ሲሠራ በብረቶቹ መካከል የተተወው ክፍተት፣ የዘይት ፓምፑ፣ የሚጠበቀው ሙቀት፣ ሁሉም አብሮ ታስቦ ነው ቁጥሩ የሚወሰነው። ስለዚህ «ጎረቤቴ የሞላው» የሚባለው ምርጫ ዋጋ የሚኖረው ጎረቤትየው ያንኑ ሞተር የሚነዳ ከሆነ ነው።

አሁን ወደ ትንሾቹ ፊደላት። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው፤ ከእቃው ጀርባ በትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» የሚል መኖሩን። ጃሶ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃዎች ድርጅት ነው። ታሪኩ አጭርና የሚገባ ነው። በ1990ዎቹ የመኪና ዘይት ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ዘይቱን ማቅጠንና መንሸራተትን የሚጨምሩ ቅመሞችን መክተት ጀመሩ። ለመኪና ጥሩ ነው። በዘይት የተነከረ ፍሪሲዮን ላለው ሞተርሳይክል ግን መንሸራተት ጠላት ነው፤ ሸራው መያዝ ሲገባው ያዳልጠዋል። የጭስ ማጣሪያውን ለመጠበቅ ተብሎ በመኪና ዘይት ውስጥ ፎስፈረስ መቀነሱ ደግሞ ጥርሶችን ከመበላት የሚከላከለውን ነገር አሳሳው። ጃፓኖቹ በ1998 የራሳቸውን መስፈርት አወጡ፤ ዘይቱ በእውነተኛ የፍሪሲዮን ሸራ ላይ ይፈተናል፣ ሲይዝና ሲለቅ ይለካል፣ በደንብ የሚያስይዘው ኤምኤ፣ የሚያንሸራትተው ኤምቢ ተባለ። በ2006 ኤምኤ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኤምኤ2 የበለጠ የሚያስይዘው ነው። መስፈርቱ ዘይቱ ከተፈጨ በኋላም ውፍረቱ ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኤምቢ ለምን ተፈለገ? ማርሽ መቀየር ለሌለባቸው፣ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የሚያንሸራትት ዘይት ባለ ማርሽ ሞተር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ማርሹ የላላ፣ የለሰለሰ ይመስላል፤ «ይሄ ነው ዘይት!» የሚያሰኝ። ዳገት ላይ፣ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጁን ሙሉ ሲሰጡት ግን ድምፁ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ባለበት ይቆማል። ያኔ ሸራው እየተቃጠለ ነው። በመኪና ዘይት ላይ ያለው ክብ የኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ማኅተም ከታች በኩል «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» ወይም «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» (ቆጣቢ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ካለበት ለሞተርሳይክል አልገዛውም። ይህ ጽሑፍ የሚገኘው በአብዛኛው በቀጫጭኖቹ፣ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት ላይ ነው።

ኤምኤ የሚለው ምልክት ማርሹ ይለሰልሳል ብሎ ቃል አይገባም። ፍሪሲዮኑን አይጎዳም ነው የሚለው። ልስላሴውን የሚሰጠው ለሞተሩና ለአየሩ የሚሆን ውፍረት፣ ከዚያም በላይ የዘይቱ አዲስነት ነው። እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማው፤ ሰው ስለ ዘይቱ ስም ይጨነቃል፣ ስለ ዕድሜው አይጨነቅም።

አዲስ ዘይት የሞላ ሰው ማርሹ ቅቤ ሆነ ሲል የሚቀልዱበት አሉ፤ «ገንዘብህን ስላወጣህ ነው የመሰለህ» ይላሉ። ስሜቱ እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት ሲግል እንዳይሳሳ የሚያደርጉት በውስጡ ያሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው፤ ፖሊመር ይባላሉ። ሲሞቁ ይዘረጉና ውፍረቱን ይይዙታል። መኪና ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ሞተርሳይክል ውስጥ ግን ዘይቱ በካምቢዮ ጥርሶች መካከል ያልፋል፤ ጥርሶቹ እነዚያን ሞለኪውሎች ይቆራርጧቸዋል። የተቆረጠው አይቀጠልም። ስለዚህ በ40 የጀመረው ዘይት እየዋለ እያደረ ወደ 30 ይጠጋል። በዚህ ላይ በአጭር አጭር መንገድ ሳይግል የሚጠፋ ሞተር ቤንዚን ወደ ዘይቱ ያንጠባጥባል፤ እሱም ያቀጥነዋል። እግር ይህን ከዓይን በፊት ያውቃል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስንወስደው መሃል ላይ የመደናቀፍ ዓይነት ስሜት፣ ገብቶ መውጣት፣ ፎሌ ማስቸገር ይጀምራል።

ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ያስቆጥራሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን፣ ዘይቱ በተራ ድፍድፍ የተሠራ ከሆነ፣ ብዙ ፖሊመር ይፈልጋል። 20ደብሊው-50 ከ5ደብሊው-50 ያነሰ ፖሊመር ይበቃዋል፤ የሚቆረጠውም ያነሰ ነው። እሳቸው ይህን በኬሚስትሪ አያስረዱም። «ይሄኛው ይቆያል» ነው የሚሉት፤ ልክ ናቸው።

«ሲንተቲክ» የሚለው ቃል እቃው ላይ ሲታይ ዋጋው ይዘላል። እኔ ቃሉን ብዙም አላምነውም። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የዘይት ኩባንያዎች በማስታወቂያ ጉዳይ ተወዛግበው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ በብርቱ የተጣራ ዘይትም ሲንተቲክ ተብሎ መሸጥ እንዲችል ተወስኗል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲንተቲክ በቤተ ሙከራ ከትንንሽ ሞለኪውል የተገጣጠመ፣ ሌላው በጣም የተጣራ ድፍድፍ ሊሆን ይችላል። እቃው ላይ ብዙ ጊዜ አይለይም። ከሁሉም ውድ የሆኑት ኤስተር የሚባሉት ናቸው። የሚገርመው፣ የዛሬ መቶ ዓመት የውድድር ሞተሮች ይሄዱበት የነበረው የጉሎ ዘይት በኬሚስትሪ የነሱ ዘመድ ነው፤ ያው በየጓሮው የሚበቅለው፣ ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ። ጥሩ ሲንተቲክ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ በሙቀት ቶሎ አይቃጠልም፤ ይህን አልክድም። ለትልልቅ፣ በከፍተኛ ዙር ለሚሠሩ ሞተሮች ገንዘቡ ይገባዋል። ባለ 125 ሥራ ሞተር ላይ ግን፣ በውዱ ዘይት ሁለት እጥፍ ከመቆየት ደህናውን ሚኒራል ቶሎ ቶሎ መለወጥን እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የወረቀት ማጣሪያ እንኳ የላቸውም፤ ሆንዳ ሲጂ125 ለምሳሌ ወንፊትና ቆሻሻውን በመሽከርከር ወደ ዳር የሚጥል ክብ እቃ ብቻ ነው ያለው። ከሸራው በተፋቀና በብረት ብናኝ የጠቆረ ዘይት ከዚያ ሞተር የሚወጣው ሲደፋ ብቻ ነው። እኔ በ2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ እደፋዋለሁ፤ ሞተሩ አዲስ ሳለ ደግሞ የመጀመሪያውን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ።

ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት ግን የፍሪሲዮኑን ገመድ እዩ። ይህን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ማርሽ ከበደኝ ካሉኝ ሰዎች መካከል የብዙዎቹ ችግር እሱ ነውና። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዶ እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከላላ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም፣ የትኛውም ዘይት አያድነውም። ካቴናው ከልክ በላይ ከተወጠረም ማርሹ ይደነድናል፤ ሰው ሲጫን ደግሞ የባሰ ይወጠራል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ካለ አንደኛ ማርሽ ሁሌም ይጮኻል። የማርሽ መርገጫው መገናኛ ላይ የክረምት ጭቃ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ታጥቦ ግራሶ ሲቀባ የሚስተካከል። ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ማርሹን በእጃቸው ጠምዝዘው በገመድ ስለሚቀይሩ ከነሱ ዘንድ ገመዱ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ገመዱም ካቴናውም ደህና ሆነው፣ ዘይቱ ተለውጦ፣ ሦስተኛ ማርሽ እየገባ የሚወጣ ከሆነ ሹካው ታጥፏል ወይም ጉጦቹ ተበልተዋል። ያ ሞተር መከፈት አለበት።

ሌላ ሌላ ዘይት ስለመሙላት ደጋግሜ እጠየቃለሁ። የናፍጣ ሞተር ዘይት፣ 15ደብሊው-40 የሚለው፣ በብዙ ሞተረኞች ይሞላል። የሚያንሸራትት ቅመም ብዙ ጊዜ የለበትም፤ አንዳንዱ ኤምኤ ፈተናን አልፎ እቃው ላይ ተጽፎለታል። አሜሪካኖቹ ሞተረኞች ሮቴላ የሚባለውን የከባድ መኪና ዘይት ወደው የሚሞሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ኤምኤ ከተጻፈበት አልቃወምም። ከበርሜል በጣሳ የሚቀዳውን ግን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ እተወዋለሁ። «90» የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ሞተሩ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ 90 ከ50 የበለጠ ወፍራም መስሏቸው። የካምቢዮ ዘይት ቁጥር በሌላ ሚዛን ነው የሚለካው፤ 90ው ከሞተር ዘይት 40 ወይም 50 ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ቅመሙ ላይ ነው፤ ለመኪና ዲፈረንሻል የተሠራው ድኝና ፎስፈረስ የበዛበት ስለሆነ ለተነከረ ፍሪሲዮንም ለነሐስ ነክ ብረቶችም አይመችም። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ያማሃዎች፣ በየገጠሩ የጤናና የግብርና ሠራተኛ ሲሮጥባቸው የነበሩት ኤጂ100 እና ዲቲ125፣ ካምቢዮአቸው የራሱ ዘይት አለው። ሰው ቱቲውን (ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለውን ዘይት) እየሞላ የካምቢዮውን ዓመት ከዓመት ይረሳዋል። ለዲቲው ፋብሪካው ያዘዘው ተራ 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ነበር፤ ያረጀ ኤጂ ወይም ዲቲ ገዝታችሁ ማርሹ ከከበዳችሁ መጀመሪያ እሱን ድፉ።

መጠኑን ስትለኩ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን መቆሚያው ላይ ተጋድሞ የሚለካ ዘይት ውሸት ይናገራል። መለኪያው ተጠምዝዞ ወይስ እንዲያው ተቀምጦ ነው የሚነበበው የሚለው ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ መጽሐፉን እዩ። «ትንሽ ይጨመርበት» የሚባለው ቸርነትም ጥሩ አይደለም። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ክራንኩ እየመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን አይጠብቅም። ቀለሙን አይቶ መፍረድም አያዋጣም። ቶሎ የጠቆረ ዘይት ብዙ ጊዜ ቆሻሻውን እያነሳ፣ ሥራውን እየሠራ ያለ ነው። በጣት አሽቶ «ይሄ አልቋል» የሚሉ አሉ። ጣት የመቶ ዲግሪ ውፍረትን አይለካም።

የገበያው ነገር ቀረ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁም ግዙ፣ ከነዳጅ ማደያም ግዙ፣ የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን፣ እቃው ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን፣ ጃሶ የሚለው ሳጥን በትክክል መታተሙን እዩ። አንድ ጊዜ የገዛሁት የታወቀ ስም ያለበት ዘይት ሲቀዳ የቤንዚን ሽታ ነበረው፤ አልሞላሁትም፣ የበር ማጠፊያ ቀባሁበት። ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት ጎረቤቴ ለአጥር ምሰሶው ይወስደዋል፣ ምስጥ ይከላከልልኛል ይላል። ቧንቧው አጠገብ እንዳይደፋው ብቻ እለምነዋለሁ። ባዶውን እቃ ግን ለማንም እንዲሁ አልሰጥም። አስመሳዮቹ የሚፈልጉት እሱን ነውና፣ ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት በጋለ ሚስማር እበሳዋለሁ። ቆራሌው አገላብጦ ያየውና «ይሄማ ተበስቷል» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። ይቀንስ።